ፒንግ ከመሞከራችሁ በፊት፦ የሜይንፍሬም እንግዳ ስርዓት ኔትወርክ ሲያጣ የት የት ይታያል?

ጅማ ላይ ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችና ለኔትወርክ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር በጽሑፍ። ስክሪን ላይ የታዩት ትእዛዞች እዚህ በአፍ እንደምንጠራቸው ተጽፈዋል።

እንደምን ዋላችሁ።

ብዙዎቻችሁ ላፕቶፓችሁ ላይ ሄርኩለስን፣ ሜይንፍሬም የሚባለውን ትልቅ የድርጅት ኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሠራውን ፕሮግራም (ኢሙሌተር)፣ ጭናችኋል። ኮንፊገሬሽን ፋይሉን ጽፋችሁ፣ የሜይንፍሬሙን ሊኑክስ ቡት አድርጋችሁ፣ ኮንሶሉ ሎግኢን ብሎ ሲጠይቃችሁ ደስ ብሏችኋል። ከዚያ ፓኬጅ ለማውረድ ስትሞክሩ ኔትወርክ የለም። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ የአይፒ አድራሻ ይቀይራል። 2 የነበረውን 3 ያደርጋል፣ ማስኩን ይነካካል፣ እንደገና ቡት ያደርጋል፣ ፒንግ ይሞክራል። ጥፋቱ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ከአድራሻው በታች፣ አለዚያም ከእንግዳው፣ ማለትም በኢሙሌተሩ ውስጥ ከሚሠራው ስርዓት፣ ውጭ ነው። አድራሻ መቀያየሩ ደግሞ ትክክል የነበረውንም ያበላሻል።

ለጅማ ሰው ነገሩን በቡና ማስረዳት ይቀላል። ከዚህ ተጭኖ አዲስ አበባ ያልደረሰ ቡና ሲፈለግ ባለቤቱ ስልክ የሚደውለው በየኬላው ነው። ሰርቦን አልፏል? አሰንዳቦ ታይቷል? ሰኮሩስ? ሰኮሩ ታይቶ ወልቂጤ ካልታየ ፍለጋው ግቤ በረሃ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ መጋዘን ደጃፍ ቆሞ የሚጨቃጨቅ ሰው ጊዜውን ይጨርሳል። ፓኬትም እንደዚያው ነው። ከእንግዳው ስርዓት እስከ ኢንተርኔት ድረስ ያሉት ኬላዎች የታወቁ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ "እዚህ ደርሷል ወይ?" ብሎ የሚጠየቅበት መሣሪያም አለ። የዛሬው ንግግር ስለነዚህ ኬላዎች ነው፤ ቅደም ተከተላቸውም ከታች ወደ ላይ ነው።

ካርዱ አንድ ዕቃ አይደለም

መጀመሪያ ማሽኑን እንወቀው። በፒሲ ዓለም የኔትወርክ ካርድ አንድ ዕቃ ነው፤ ይሰካል፣ ከርነሉ ያየዋል፣ ስም ያወጣለታል። የሜይንፍሬም ወግ ሌላ ነው። ዲስኩም፣ ተርሚናሉም፣ ኔትወርኩም የሚገናኘው በቻናል ሲሆን እያንዳንዱ መሣሪያ ባለአራት አሃዝ ቁጥር አለው። አንድ የኔትወርክ ካርድ ደግሞ በአንድ ቁጥር አይሠራም። ቻናል ቱ ቻናል፣ ሲቲሲ የምንለው፣ ሁለት ይፈልጋል፤ አንዱ ለንባብ፣ ሌላው ለጽሕፈት። ኤልሲኤስ የሚባለው የቆየ የኔትወርክ ካርድ ዓይነትም ሁለት ነው። ኦኤስኤ የሚባለው የሜይንፍሬም ኔትወርክ ካርድ ኪውዲአይኦ በሚባለው ፈጣን አሠራር ሲሠራ ሦስት ይወስዳል፤ ንባብ፣ ጽሕፈትና ዳታ። የንባቡ ቁጥር ተጋማሽ መሆን አለበት፤ የጽሕፈቱ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ስለዚህ 0600፣ 0601 እና 0602 ይሠራሉ። በ0601 የሚጀምር ሦስትዮሽ ግን አይሠራም።

አንድ ወጥመድ እዚህ ተደብቋል። እነዚህ ቁጥሮች ባለ16 መሠረት ናቸው። ከ0609 ቀጥሎ የሚመጣው 060ኤ እንጂ 0610 አይደለም። ከ0608 ጀምሮ ሦስት መሣሪያ የሚያስመዘግብ ሰው ሦስተኛውን 0610 ብሎ ከጻፈ ፋይሉ ስህተት የለበትም ይባላል፤ እንግዳው ግን ዳታውን የሚፈልገው በሌላ ቁጥር ነው። የኔ ምክር ቀላል ነው፤ በዜሮ የሚያልቅ ቁጥር ምረጡና ከጣጣው ተገላገሉ።

እንግዳው መሣሪያውን ያየዋል?

አንደኛው ኬላ ይህ ነው፤ ከአይፒ ጋርም ምንም ግንኙነት የለውም። በእንግዳው ሊኑክስ ላይ ኤልኤስሲኤስኤስ የሚባለውን ትእዛዝ አሂዱ። የሚወጣው ሰንጠረዥ የመሣሪያውን ቁጥር፣ ዓይነቱንና የመቆጣጠሪያውን ዓይነት ያሳያል። ኦኤስኤ ከሆነ 1732/01 እና 1731/01 ታያላችሁ። ሃይፐርሶኬትስ፣ በአንድ ማሽን ውስጥ ያሉ ስርዓቶች የሚገናኙበት ውስጣዊ ኔትወርክ፣ ከሆነ በሁለቱም ላይ /01 የነበረው /05 ይሆናል። ሲቲሲ 3088/08 ነው። ኪውኢሙ በሚባለው ሌላ ኢሙሌተር የምትሠሩ ከሆነ ቨርትአዮ የሚባለው ምናባዊ ኔትወርክ 3832/01፣ የቨርትአዮ ዲስክ ደግሞ 3832/02 ሆኖ ይታያል።

ቁጥሩ ከነጭራሹ ከሌለ ሁለት ምክንያት መርምሩ። የመጀመሪያው ኢሙሌተሩ መሣሪያውን አለመፍጠሩ ነው፤ ሄርኩለስ ኮንሶል ላይ መሣሪያዎቹን የሚዘረዝረውን ዴቭሊስት የሚለውን ትእዛዝ ጽፋችሁ እዩ። ሁለተኛው ሲአይኦ ኢግኖር ነው። አንዳንድ ሊኑክሶች ሲጫኑ የማያስፈልጓቸውን መሣሪያዎች ሁሉ እንዳያዩ የሚያዝ ዝርዝር በከርነሉ መነሻ መስመር ላይ ያስቀምጣሉ። በሺህ የሚቆጠር መሣሪያ ለተገናኘበት እውነተኛ ሜይንፍሬም ይህ ጥሩ ልማድ ነው፤ ሁሉንም እየመረመሩ መነሳት ጊዜ ይፈጃል። ላፕቶፕ ላይ ግን ከተጫነ በኋላ የጨመራችሁት ካርድ እንዳይታይ ያደርገዋል። ሲአይኦ ኢግኖርን ከመሰረዣ ምርጫው ጋር ጠርታችሁ 0600ን፣ 0601ን እና 0602ን ከዝርዝሩ አውጡ፤ ወዲያው ብቅ ይላሉ።

መሣሪያዎቹ ታዩ ማለት ካርድ ተገኘ ማለት አይደለም። ሦስቱ ገና ሦስት ተራ መሣሪያዎች ናቸው፤ አንድ ካርድ እንዲሆኑ መቧደን አለባቸው። ዜድኔትኮንፍ ያልተቧደኑትን ይዘረዝራል፣ ራሱም ይቧድናል። ሲኤችዜድዴቭ የተሻለው ነው፤ ይቧድናል፣ ኦንላይን ያደርጋል፣ ለሚቀጥለው ቡትም ያስቀምጣል። የአሁኖቹ ሊኑክሶች የካርዱን ስም ከመሣሪያው ቁጥር ስለሚያወጡት፣ በአሮጌ ጽሑፍ ላይ ኢዝ ዜሮ የተባለው እናንተ ጋ 600 የሚል ያለበት ስም ሊሆን ይችላል። በኢዝ ዜሮ ስም የተጻፈ የአድራሻ ፋይል ታዲያ ለማንም አይደርስም።

ከኦንላይን በፊት መወሰን ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ሌየር 2 ወይስ ሌየር 3? በሌየር 2 ካርዱ የኢተርኔት ፍሬም ከነማክ አድራሻው ያሳልፋል። በሌየር 3 የአይፒ ፓኬት ብቻ ያሳልፋል፣ ማኩን ካርዱ ራሱ ይይዘዋል። ይህ ምርጫ የሚቀየረው ካርዱ ኦፍላይን ሳለ ብቻ ነው። ኦንላይን ከሆነ በኋላ ለመቀየር ስትሞክሩ ስርዓቱ እምቢ ቢላችሁ የፈቃድ ችግር መስሏችሁ ሩት (የስርዓቱ ሙሉ ባለሥልጣን) መሆናችሁን ደጋግማችሁ አትፈትሹ። አውርዱት፣ ቀይሩት፣ መልሱት።

ሄርኩለስ እና ሲቲሲአይ

ላፕቶፕ ላይ ለመጀመር ሲቲሲአይን፣ የሄርኩለስን የሲቲሲ ዓይነት፣ እመርጣለሁ። ኪውኢቲኤችም፣ ማለትም የኦኤስኤ ካርድ አምሳያ፣ ሃይፔሪየን በሚባለው አዲሱ የሄርኩለስ ትውልድ አለ፤ ሆኖም የሚበላሽ ነገሩ ሲበዛ ጀማሪን ግራ ያጋባል። ሲቲሲአይ ግን በእንግዳውና በአስተናጋጁ፣ ማለትም ኢሙሌተሩን በሚያስኬደው ላፕቶፕ፣ መካከል የተዘረጋ አንድ ገመድ ነው። በአስተናጋጁ በኩል ተን የሚባል ምናባዊ ካርድ ይፈጠራል፤ ተን የሚያሳልፈው የአይፒ ፓኬት ብቻ ነው። ኢተርኔት የለም፣ ማክ የለም፣ ብሮድካስት የለም።

በኮንፊገሬሽን ፋይሉ የሚጻፈው አጭር ነው፤ 0600 ነጥብ 2 (ከ0600 ጀምሮ ሁለት መሣሪያ ማለት ነው)፣ ሲቲሲአይ፣ ከዚያ ሁለት አድራሻ። ቅደም ተከተሉ ዋና ነገር ነው፤ መጀመሪያ የእንግዳው፣ ቀጥሎ የአስተናጋጁ። 192.168.200.2 ለእንግዳው፣ 192.168.200.1 ለአስተናጋጁ እንበል። ሁለቱን ገልብጦ የጻፈ ሰው አስተናጋጁ ላይ የእንግዳውን አድራሻ ያስቀምጣል፤ ከአስተናጋጁ ወደ 200.2 ፒንግ ሲያደርግም መልስ ያገኛል። ግን ያነጋገረው ራሱን ነው! ከሚያሞኙ ምልክቶች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

ኢሙሌተሩ ሲነሳ "ኦፐሬሽን ኖት ፐርሚትድ" ካለ ጉዳዩ ኸርክኢፍሲ ነው። ይህች ትንሽ ረዳት ፕሮግራም የተኑን ካርድ አድራሻ የምትሰጥና የምታስነሳ ስለሆነች የሩት ሥልጣን ያስፈልጋታል። ባለቤትዋ ሩት መሆን አለበት፣ ማንም ቢያስነሳት በባለቤትዋ ሥልጣን እንድትሠራ የሚያደርገው ሴትዩአይዲ ምልክትም ሊኖራት ይገባል። ሄርኩለስን ከጓደኛ በፍላሽ ተቀብላችሁ ከሆነ ይህ ምልክት በእርግጠኝነት የለም፤ ፍላሹ የተቀረጸበት ፋት የሚባለው የፋይል አደረጃጀት የሊኑክስን የፈቃድ ምልክቶች መያዝ አይችልም። ፎልደሩን ወደ ሌላ ቦታ በተራ ኮፒ ማዛወርም ምልክቱን ያራግፋል። ኢሙሌተሩን በሙሉ በሩት ማስኬድ ችግሩን ይሸፍነዋል፣ ግን ልማድ አታድርጉት።

ቀጥሎ ዴቭሊስትን እንደገና ጥሩ። ከመሣሪያው መስመር መጨረሻ አካባቢ የግብዓትና ውፅዓት ቆጠራ አለ። ከእንግዳው ፒንግ እየተላከ ያ ቁጥር ካልጨመረ እንግዳው ቻናሉን ጨርሶ እየተጠቀመበት አይደለም፤ ወደ መቧደንና ኦንላይን ተመለሱ። ቁጥሩ ከጨመረ አስተናጋጁ ጋ ደርሷል፤ ፍለጋውም ኬላ ተሻገረ።

በእንግዳው ላይ አድራሻው የሚሰጠው ነጥብ ለነጥብ ነው። የራሱ 200.2፣ አቻው 200.1፣ መውጫውም ያው 200.1። ኤምቲዩ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚያልፈው ትልቁ የፓኬት ልክ፣ በሁለቱም ወገን አንድ ይሁን። የሊኑክሱ ሲቲሲ ሾፌር ዝም ከተባለ 32760 ይዞ ይነሳል፤ ይህ ከቻናል እስከ ቻናል ለተገናኙ ሜይንፍሬሞች የተመቸ ልክ ነው፣ ተኑ ግን 1500 ላይ ነው። 1500 ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

አስተናጋጁ ላይ የሚጠፋ ፓኬት

አብዛኛው ጊዜ የሚባክነው እዚህ ነው። እንግዳው 200.1ን ፒንግ ያደርጋል፣ መልስ ያገኛል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጸጥታ ነው። አንድ ነገር አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ የመረጣችሁት የአድራሻ ክልል ላፕቶፑ ካለበት ኔትወርክ ጋር እንዳይጋጭ። የቤት ራውተሮች 192.168.1ን ይወዳሉ። የቆዩ አንድሮይድ ስልኮች ሆትስፖት ሲከፍቱ 192.168.43 ይሰጣሉ፣ አይፎን ደግሞ 172.20.10። ግቢ ውስጥ የሠራው ማታ ቤት በሆትስፖት እምቢ ካለ እንግዳውን ሳትነኩ በፊት ይህን እዩ።

ቀጥሎ ሁለት የተርሚናል መስኮት ክፈቱ። በአንዱ ቲሲፒደምፕን፣ የሚያልፉ ፓኬቶችን የሚያሳየውን ትእዛዝ፣ ተኑ ላይ፣ በሌላው ወደ ውጭ በሚወጣው ካርድ ላይ አሂዱ። ከእንግዳው ወደ 8.8.8.8 ፒንግ ላኩና ሁለቱን መስኮት ጎን ለጎን ተመልከቱ። ተኑ ላይ ምንም ካልታየ የእንግዳው መውጫ መስመር አልተጻፈም። ተኑ ላይ ታይቶ ዋይፋዩ ላይ ካልታየ አስተናጋጁ እያሳለፈ አይደለም፤ የአይፒ ፎርዋርድ ቅንብሩ 0 ነው ወይም ፋየርዎሉ ይዞታል። ዶከር (ፕሮግራሞችን በየራሳቸው ኮንቴይነር የሚያስኬድ መሣሪያ) የጫናችሁ ልብ በሉ፤ ዶከር ሲነሳ የፎርዋርድ ሰንሰለቱን መነሻ ሕግ ወደ መጣል ሊቀይረው ይችላል። ትናንት የሠራ ኢሙሌተር ዛሬ ዶከር በመጫኑ ብቻ ይታፈናል፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።

ዋይፋዩ ላይ ከታየ የላኪውን አድራሻ አንብቡ። አሁንም 192.168.200.2 ከሆነ ናት፣ ማለትም የላኪውን አድራሻ በላፕቶፑ አድራሻ መተካት፣ አልተደረገም ማለት ነው። ፓኬቱ ወጥቷል፣ ነገር ግን 200.2 የት እንዳለ ከላፕቶፓችሁ በቀር የሚያውቅ የለምና መልሱ መመለሻ ያጣል። በሊኑክስ የፋየርዎል መሣሪያዎች፣ በአይፒቴብልስ ወይም በኤንኤፍቴብልስ፣ ይህን የሚሠራ የማስከሬድ ሕግ ጨምሩ። አድራሻው ተቀይሮ፣ መልሱም ዋይፋዩ ላይ ታይቶ ወደ ተኑ ካልተሻገረ የጎደለው ለተጀመረ ግንኙነት የሚመለሰውን ትራፊክ የሚፈቅደው ሕግ ነው። አራት ምልክት፣ አራት መድኃኒት። ግምት የለበትም።

"ለምን ናት ያስፈልገኛል? ታፕ (የኢተርኔት ፍሬም የሚያሳልፍ ምናባዊ ካርድ) ከፍቼ ከዋይፋዩ ጋር በብሪጅ አላገናኘውም?" የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። በዋይፋይ አይሆንም። ላፕቶፑ ለዋይፋዩ ማሠራጫ ያስመዘገበው አንድ ማክ አድራሻ ነው፤ የተለመደው የዋይፋይ ፍሬም ከላፕቶፑ ጀርባ ላለ ሌላ ማክ ቦታ የለውም፣ ማሠራጫውም ያልተመዘገበውን አይቀበልም። በገመድ ብሪጅ ይሠራል፤ የተቋሙ ስዊች በአንድ ፖርት ከአንድ ማክ በላይ እንዳይቀበል ከተደረገ ግን የእንግዳው ብቻ ሳይሆን የላፕቶፑም ፖርት ሊዘጋ ይችላል። እንዲህ ያለ ሙከራ ከማድረጋችሁ በፊት የአይሲቲ ክፍሉን ጠይቁ።

ሁሉም ሠርቶ ኤስኤስኤች ግንኙነቱ ተጀምሮ መሃል ላይ ሲደርቅ ነገሩ ኤምቲዩ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፓኬቶች ትናንሽ ስለሆኑ ያልፋሉ፤ ቁልፍ መለዋወጥ ሲጀመር ትላልቆቹ የሆነ ቦታ ይወድቃሉ። አትከፋፍል በሚለው ምርጫ 1472 ባይት የያዘ ፒንግ ላኩ። 20 የአይፒ ራስጌ፣ 8 የአይሲኤምፒ፣ በድምሩ 1500 ይሆናል። ካላለፈ 1464 ሞክሩ፣ ይህ ለ1492 ነው፤ ከዚያም እያወረዳችሁ የሚያልፈውን ልክ ፈልጉና 28 ደምሩበት። ቪፒኤን ያለበት መንገድ ላይ ከ1500 በታች መሆኑ የተለመደ ነው።

ስለ ኪውኢሙ አጭር ማስታወሻ። የተጠቃሚ ኔትወርኩ ያለምንም ልፋት ይሠራል፤ እንግዳው 10.0.2.15 ያገኛል፣ መውጫው 10.0.2.2፣ ስም ፈቺው 10.0.2.3 ነው። ግን ፒንግ ወደ ውጭ ላያልፍ ይችላል፣ ቲሲፒ እያለፈ ማለት ነው። እዚያ በፒንግ አትፍረዱ፤ አንድ ድረ ገጽ ለማውረድ ሞክሩ። ከፒሲ የተቀዳ ትእዛዝ ላይ ፒሲአይ የሚለውን ካርድም ሲሲደብሊው በሚለው ለውጡት።

በዜድቪኤም ሥር

ነገ እውነተኛ ማሽን ላይ ስትሠሩ አስተናጋጁ ብዙ እንግዶችን የሚያስኬደው የሜይንፍሬም ስርዓት ዜድቪኤም ይሆናል፣ ምናባዊ ስዊቹም ቪስዊች። ሦስት ነገር መሟላት አለበት፤ እንግዳው ምናባዊ ካርድ ይኑረው፣ ስዊቹ ለእንግዳው ፈቃድ ይስጥ፣ ካርዱ ከስዊቹ ጋር ይጋጠም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው መካከለኛው ነው። ፈቃድ ያልተሰጠው እንግዳ ካርዱን ለማጋጠም ኮፕል ሲል ሥልጣን የለህም ይባላል። ካርዱን ስትፈጥሩ ዓይነቱ ኪውዲአይኦ መሆኑን በግልጽ ጻፉ። ስዊቹ የኢተርኔት ዓይነት ከሆነ እንግዳው ሌየር 2፣ የአይፒ ዓይነት ከሆነ ሌየር 3 ይሁን። ኩዌሪ ቪስዊችን ከዲቴይልስ ጋር ስትጠሩ የተጋጠሙትን እንግዶችና የፓኬት ቆጠራቸውን ያወጣል፤ እዚያም ያው የኬላ ሥራ ነው።

መብራት ሲሄድ

በእጅ የተሠራ ሁሉ በመብራት ይፈተናል። አስተናጋጁ ላይ በትእዛዝ የተቀየረው አይፒ ፎርዋርድ ላፕቶፑ ሲጠፋ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ በሲስሲቲኤል ፋይል ውስጥ ካልተጻፈ ሌላ ቀን ያስቸግራል። የናት ሕጉም ካልተቀመጠ ይጠፋል። በዜድኔትኮንፍ የተቧደነ ካርድ በሚቀጥለው ቡት የለም። ዜድቪኤም ላይ በዲፋይን የተፈጠረ ካርድ እንግዳው ሎግኦፍ ሲል ይጠፋል፤ የሚዘልቀው በተጠቃሚው ዳይሬክተሪ ውስጥ በኒክዴፍ የተጻፈው ነው። በሴት ትእዛዝ የተሰጠ የቪስዊች ፈቃድ ዜድቪኤሙ ራሱ እንደገና ሲነሳ ስለማይኖር ሲስተም ኮንፊግ ውስጥ ይግባ። የሠራችሁትን ለማረጋገጥ ሁሉንም ራሳችሁ አጥፍታችሁ አስነሱ፤ መብራት ኃይልን አትጠብቁ።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱ

አንድ ተማሪ "ቲሲፒደምፕ ከእኛ የሚወጡትን ፓኬቶች የቼክሰም ስህተት አለባቸው ይላል፤ ጥፋቱ ይህ ይሆን?" ሲል ጠይቋል። ብዙ ጊዜ አይደለም። ቼክሰሙን፣ ፓኬቱ አለመበላሸቱ የሚፈተሽበትን ቁጥር፣ የማስላት ሥራ ለካርዱ ሲተው ቲሲፒደምፕ ፓኬቱን የሚያየው ገና ሳይሰላ ነው። በሚቀበለው ወገን ላይ ያዙት፤ እዚያ ትክክል ከሆነ ተዉት። እዚያም የተሳሳተ ከሆነና ከተጣለ የካርድ ቅንብር በሚቀይረው ኢዝቱል ያንን ሥራ ከካርዱ ላይ አንሱና ድጋሚ ሞክሩ።

ሌላዋ "በሲቲሲአይ ላይ ዲኤችሲፒ ለምን አድራሻ አይሰጥም?" ብላለች። ዲኤችሲፒ የሚጀምረው አድራሻ የሌለው ማሽን ለሁሉም በሚጮኸው ብሮድካስት ነው፣ ማሽኑንም የሚለየው በማክ አድራሻው ነው። ሲቲሲአይ ላይ ሁለቱም የሉም። አድራሻውን በእጅ ጻፉት፤ ስም ፈቺውንም አብራችሁ፣ አለዚያ ነገ በቁጥር የሚደርስ በስም የማይደርስ ማሽን ይዛችሁ ትመጣላችሁ።